ፍላሽን ከካሜራ ላይ አውርዶ ያለ ገመድ መጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ሰርግ፣ ኒካህና ምርቃት አነሳለሁ። ፕሮግራም በያዝኩ ቁጥር ማለት ይቻላል አንድ ወጣት ጠጋ ይልና "ጋሼ፣ ያ ጥግ ላይ ያቆሙት ፍላሽ ያለ ገመድ እንዴት ነው አብሮ የሚበራው?" ይለኛል። ሙሽሮቹ ኬክ እስኪቆርሱ ድረስ ባለችው ደቂቃ የምችለውን እነግረዋለሁ። ደቂቃዋ ግን አትበቃም። ስለዚህ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ በእርጋታ ልመልስ።

ፍላሹን ከካሜራው ላይ ማውረድ ለምን አስፈለገ?

ካሜራ ላይ የተሰካ ፍላሽ ሌንሱ በሚያይበት አቅጣጫ ነው የሚበራው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ጥላው ከሰውየው ጀርባ ይደበቃል። ጥላ ከሌለ ደግሞ ቅርጽ የለም። አፍንጫ ይደፈጠጣል፣ ጉንጭና ግንባር እኩል ያብለጨልጫሉ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል።

በዚህ የሚጎዳው በተለይ የእኛ ሰው ፊት ነው። ጠይም ቆዳ ውበቱ የሚወጣው ብርሃን በጎን ሲዳስሰው ነው። ፊት ለፊት ሲመታው ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ያወጣል፤ የፊቱ ለዛ ይጠፋል። ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ቡና የምትለቅም እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይገባል፣ አንዱ ጉንጭ ይበራል፣ ሌላው ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይሄዳል። ፍላሹን ማውረድ ማለት ያንን መስኮት ይዞ መዞር ማለት ነው። ማታም፣ አዳራሽ ውስጥም፣ መስኮት በሌለበትም።

ሌላም ጥቅም አለው። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን ብርሃኑ ከዓይን ውስጠኛ ክፍል ተንጸባርቆ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ዓይን ቀይ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ፍላሹ ወደ ጎን ሲሄድ ይሄ ይጠፋል።

ለመጀመር ምን ምን ልግዛ?

አንድ ፍላሽ፣ አንድ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን ከሩቅ የሚያዝዘው)፣ አንድ ስታንድ (ፍላሹ የሚቆምበት እግር)፣ ፍላሹንና ጃንጥላውን ስታንዱ ላይ የሚይዝ ማያያዣ፣ እና አንድ ነጭ ጃንጥላ። በቃ። ሶፍትቦክስ የሚባለው ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን ቆይቶ ይደርሳል። ጃንጥላ ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ሚኒባስ ውስጥ ከእግር ሥር ይገባል።

ለጀማሪ እንደ ጎዶክስ ቲቲ600 ያለ ማኑዋል፣ ማለትም ኃይሉን ራሳችሁ በእጅ የምትወስኑት፣ ፍላሽ ይበቃል። የሬዲዮ መቀበያው ውስጡ ስላለ ሌላ ሪሲቨር መግዛት አያስፈልግም። ትሪገር ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ትሪገሮች የሚሠሩት በካሜራ ዓይነት ነው፤ የካኖኑ ለብቻ፣ የኒኮኑ ለብቻ፣ የሶኒው ለብቻ። ዕቃው የሚመጣው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ስለሆነ ተሳስቶ ከመጣ መመለሱ ቀላል አይደለም። ለሚያመጣላችሁ ሰው የካሜራችሁን ሞዴል ጽፋችሁ፣ የካሜራውን የፍላሽ መሰኪያ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።

የካኖን 250ዲ ወይም 4000ዲ ያላችሁ ደግሞ መሰኪያውን ልብ ብላችሁ እዩት። በሌሎቹ ካሜራዎች መሃል ላይ የምትገኘው ክብ የብረት ነጥብ እነዚህ ላይ የለችም። በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ትሪገሮች እዚህ አይሠሩም። ከመግዛታችሁ በፊት ትሪገሩ የእናንተን ሞዴል እንደሚቀበል አረጋግጡ።

ገንዘብ ከተረፋችሁ ሁለተኛ ፍላሽ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛ ትሪገር ግዙ። አንድ ፍላሽ ቢበላሽ ሥራው በሌላ መንገድ ይያዛል። ትሪገር ሲበላሽ ግን ፍላሾቹ ሁሉ ዝም ይላሉ።

ያለ ገመድ የሚገናኙት በምንድን ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በብርሃን ነው። ሌላ ፍላሽ ሲበራ የእናንተኛው አይቶ አብሮ ይበራል። ፍላሹ ላይ "ኤስ1" እና "ኤስ2" የሚሉት ይሄንን ነው። ኤስ1 የመጀመሪያዋን ብልጭታ እንዳየ ይበራል። ኤስ2 አንዳንድ ፍላሽ ከዋናው በፊት የሚልካትን ትንሽ ቅድመ ብልጭታ አሳልፎ ዋናውን ይጠብቃል። ችግሩ ሁለቱ ፍላሾች መተያየት አለባቸው። ደማቅ ፀሐይ ላይ ይደናገራል። ሰርግ ላይ ደግሞ እንግዳ በካሜራው ፍላሽ ባነሳ ቁጥር የእናንተም አብሮ ይመታል፤ ባትሪው በከንቱ ያልቃል።

ሁለተኛው ሬዲዮ ነው። አብዛኞቹ ትሪገሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ዋይፋይ በሚሠራበት ሞገድ ማለት ነው። መተያየት አይጠበቅባቸውም። ፍላሹን ከዓምድ ጀርባ ደብቃችሁም ይበራል። ካኖን ራሱ ሬዲዮ ያለው ፍላሽ ያወጣው በ2012 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የካኖን ፍላሾች ገመድ አልባ የሚባሉት በብርሃን ነበር። ዛሬ በትንሽ ዋጋ ሬዲዮ ይገኛል። ምርጫ ካላችሁ ሬዲዮ ያዙ።

ትሪገሩን ሰክቻለሁ፣ ፍላሹ ግን አይበራም። ምን ላድርግ?

አትደንግጡ። በቅደም ተከተል እዩት። ቻናሉ ሁለቱም ላይ አንድ ነው? የመለያ ቁጥሩስ? ፍላሹ ያለበት ምድብ፣ ለምሳሌ "ኤ"፣ ትሪገሩ ላይ ተከፍቷል? ፍላሹ መቀበያ ሁኔታ ላይ ነው? ትሪገሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ተጠብቋል? ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው የመጨረሻው ነው። በግማሽ ገብቶ ነጥቦቹ አይነኩም። አቧራ ይዞትም ሊሆን ይችላል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ። ድምፅ አልባው ሻተር (ሻተር ብርሃን ለአፍታ አስገብቶ የሚዘጋው የካሜራው ክፍል ነው) በርቶ ከሆነ አብዛኞቹ ካሜራዎች ፍላሽ አያበሩም። ካሜራው የተበላሸ ይመስላችኋል። ሜካኒካል ሻተር ላይ መልሱት።

እኔ ኮምቦልቻ አንድ ሰርግ ላይ ቀለበት ሲደረግ ትሪገሬ ቀጥ አለ። ባትሪው አልቆ ነበር። የፍላሾቹን ባትሪ በሙሉ ቀይሬ የትሪገሩን ረስቼዋለሁ። ያቺ ቅጽበት አትደገምም፤ የሙሽራዋ እናት እንባ ያለበት ፎቶ በአዳራሹ ደብዛዛ መብራት ብቻ ነው የተነሳው። አሁንም ሳየው ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የትሪገር ባትሪ ከፕሮግራም በፊት ሁልጊዜ ይቀየራል፣ ግማሽ ቢኖረውም።

የፎቶዬ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፍላሹ ነው የተበላሸው?

አይደለም። ሻተራችሁ ፈጥኗል። ሻተር ሁለት መጋረጃ አለው። አንዱ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ድረስ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ሙሉ በሙሉ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ፍላሹም በዚያ ቅጽበት ይመታል። ከዚያ ስታፈጥኑት ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ይነሳል። ፍላሹ ሲመታ መጋረጃው የሸፈነው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ወደ 1/160 ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ይጠፋል።

በፈጣን ሻተር መሥራት ግድ ከሆነ ኤችኤስኤስ የሚባለው አለ። ፍላሹ አንዴ በመምታት ፈንታ በጣም ፈጣን የሆኑ ትንንሽ ብልጭታዎችን ያከታትላል። ይሠራል፤ ግን ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ካልቸገረኝ አልነካውም።

ማኑዋል ይሻላል ወይስ ቲቲኤል?

ሰርግ ላይ እኔ ማኑዋል ነኝ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቲቲኤል ከዋናው ብልጭታ በፊት ትንሽ ብልጭታ ልኮ፣ የተመለሰውን ብርሃን ለክቶ ኃይሉን ይወስናል። ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ስትለብስ ብዙ ብርሃን ይመለሳል። ካሜራው "በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቷ ይጨልማል። ሙሽራው በጥቁር ሱፍ ለብቻው ሲቆም ደግሞ "አነሰ" ብሎ ይጨምራል፤ ፊቱ ይነጣል። ሁለቱ በቆሙበት ቦታ፣ በዚያው ብርሃን፣ ሦስት ፎቶ ብታነሱ ሦስት ዓይነት ይወጣል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ማስተካከል ነው።

በማኑዋል አንዴ ከተስተካከለ ልብሱ ቢለዋወጥም ፊቱ አይለዋወጥም። ቲቲኤል የሚጠቅመው እናንተም ሰውየውም በምትንቀሳቀሱበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው በሆታ ወደ አዳራሽ ሲገቡ፣ ርቀቱ በየሰከንዱ ሲለዋወጥ።

ታዲያ ኃይሉን በምን አውቄ ልወስን?

ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ይሄንን ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ፍላሹን አጥፉ። የአዳራሹን ብርሃን ብቻ አስቡ። የጀርባው ዲኮርና አምፖሎቹ ምን ያህል እንዲታዩ ትፈልጋላችሁ? እሱን በሻተር ፍጥነት አስተካክሉ። ፍላሽ የሚቆየው እጅግ አጭር ጊዜ ስለሆነ ሻተሩ ቢዘገይ ቢፈጥን የፍላሹ ብርሃን አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአዳራሹ ነው። 1/125 ላይ ጀርባው ከጨለመባችሁ ወደ 1/60 አውርዱ፤ የዲኮሩ ቀለም ብቅ ይላል። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ በኤፍ ቁጥር ይነገራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ንቃት) ግን ሁለቱንም ይነካሉ።

ከዚያ ፍላሹን አብሩ። አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 4፣ ጃንጥላው ከሰውየው 2 ሜትር፣ ኃይሉ ከሙሉው 1/16። መነሻ ነው፤ እንደ ጃንጥላው ይለያያል። አንዴ አንሱ። ከበዛ ወደ 1/32፣ ካነሰ ወደ 1/8። እያንዳንዷ እርምጃ እጥፍ ወይም ግማሽ ናት።

አሁን ወደ ርቀት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ግማሽ አይሆንም፤ ሩብ ይሆናል። 1 ሜትር ላይ ኤፍ 11 የሚፈልግ ብርሃን፣ 2 ሜትር ላይ ኤፍ 5.6 ነው፤ 4 ሜትር ላይ ኤፍ 2.8። አዳራሽ ውስጥ ረዳታችሁ ስታንዱን አንድ እርምጃ ሲያንቀሳቅስ ፎቶው የሚበላሸው ለዚህ ነው። እኔ ረዳቴን የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር ካሜራ አይደለም፤ ሁለት ሜትርን በዓይኑ እንዲለካ ነው። እጁን ዘርግቶ፣ በእርምጃ ቆጥሮ፣ እስኪለምደው። እሱን ካወቀ ፕሮግራሙን በሙሉ የፍላሹን ኃይል ሳልነካ እውላለሁ።

ርቀት የብርሃኑን ልስላሴም ይወስናል። ጃንጥላው በቀረበ ቁጥር ለፊቱ ትልቅ መስኮት ይሆናል፤ ጥላው ይለሰልሳል። የአያት ፊት ላይ ራቁቱን የሆነ ፍላሽ ከጎን ብትለቁ እያንዳንዱ መስመር ይቆረጣል። ጃንጥላውን አቅርቡ፣ ኃይሉን ቀንሱ። በሌላው ጎን ደግሞ ጥላው ከበዛ ነጭ ጋቢ ዘርግቶ የሚይዝ ሰው አቁሙ። ጋቢ እጅግ ጥሩ አንጸባራቂ ነው፤ በየቤቱም አለ።

ፍላሹን የት ላቁም?

ሰውየውን ፊት ለፊት እያያችሁ፣ ፍላሹ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከፊቱም ከፍ ብሎ ወደ ታች ያዘነብል። ዓይን ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ ፈልጉ። ነጥቧ ከሌለች ዓይኑ የሞተ ይመስላል፤ ፍላሹን ትንሽ አውርዱ። ሒጃብ ወይም ነጠላ የተከናነበች ሴት ስታነሱ ጨርቁ ወደ ፊት በወጣበት በኩል አታብሩ፤ ጥላው ጉንጯን ይሸፍናል። ክፍት በሆነው በኩል ሂዱ። መነጽር ላደረገ ሰው ፍላሹን ወደ ላይና ወደ ጎን ግፉ፤ ነጸብራቁ ከመስታወቱ እስኪወጣ።

ድንኳን ውስጥ ሳነሳ ፊቶች ሁሉ ሰማያዊ ይሆናሉ። ለምን?

ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙራችሁ ስለምትመቱ ነው። ነጭ ኮርኒስ ያለው ቤት ውስጥ ይሄ ጥሩ ዘዴ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን ብርሃኑ የሸራውን ቀለም ይዞ ይመለሳል። ሰማያዊ ሸራ ሰማያዊ ፊት፣ ቢጫ ሸራ ቢጫ ፊት። ኮምፒውተር ላይም በቀላሉ አይነሳም፤ ፊቱን ስታስተካክሉ ልብሱ ይበላሻል። ፍላሹን አውርዳችሁ በነጭ ጃንጥላ ስትጠቀሙ ብርሃኑ ሸራውን ሳይነካ ነው የሚደርሰው።

አምፖሎቹ ቢጫ የሆኑበት አዳራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የፍላሽ ብርሃን 5500 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የድሮው ቢጫ አምፖል ከ3000 ኬልቪን በታች ነው። ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ብርቱካን ይሆናል። ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ጄል (ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) አድርጉና የካሜራውን ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) ወደ አምፖል ምልክቱ አዙሩት። ሁለቱ ይስማማሉ።

እኩለ ቀን ሐይቅ ላይ ሙሽሮችን ሳነሳ ፍላሼ ያለ አይመስልም።

ፀሐይን እየተፎካከራችሁ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐይቅ ዳር መነሳት የሙሽሮች ልማድ ሆኗል፤ ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ነው። በዚያ ፀሐይ አይኤስኦ 100 እና 1/200 ላይ ኤፍ 11 ትደርሳላችሁ። አንድ ትንሽ ፍላሽ በጃንጥላ ያንን አይችልም። ጃንጥላውን አንሱት። ፍላሹን ራቁቱን፣ ከ2 ሜትር ባልበለጠ፣ በሙሉ ወይም በግማሽ ኃይል ተጠቀሙ። ሙሽሮቹ ለፀሐይ ጀርባቸውን ይስጡ፤ ፀሐይዋ ትከሻና ፀጉራቸውን ትዳስሳለች፣ ፊታቸውን ፍላሹ ይያዝ። ዓይናቸውንም አያጨናብሱም።

ከዚህ የሚሻለው ግን የዛፍ ጥላ መፈለግ ነው። ከዚያም የሚሻለው ሰዓቱን መለወጥ ነው። ደሴ ላይ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ከተማው ጥላ ይሆናል፤ ሰማዩ ግን ገና ብሩህ ነው። ለአንድ ትንሽ ፍላሽና ለአንድ ጃንጥላ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አላውቅም። ለሙሽሮቹ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ነፋስ ካለ ጃንጥላ ስታንዱን ይዞት ይሄዳል። ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ሙሉና ስታንዱ ላይ እሰሩ። ሁለት ቢሆን የበለጠ።

ክረምት ላይ የደሴ ጉም ሲወርድ ፍላሽ ይሠራል?

ይሠራል፤ እንዲያውም ከምወዳቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ በጉም የተነሱ ናቸው። ፍላሹ ካሜራ ላይ ከሆነ ግን አይሆንም። ብርሃኑ ከፊታችሁ ያለውን ጉም መትቶ ይመለሳል፤ ፎቶው ነጭ ግድግዳ ይሆናል። መኪና በጉም ረጅም መብራት ሲያበራ ሾፌሩ እንደማያይ ማለት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በክረምት የወጣ ያውቀዋል። ፍላሹን ወደ ጎን ወይም ከሰዎቹ ጀርባ ስትወስዱት ጉሙ ራሱ ይበራል፤ ሰዎቹ በብርሃን ተከበው ይታያሉ።

ዝናብ ከጣለ ፍላሹን በቀጭን ነጭ ፌስታል ሸፍኑት። ሬዲዮው በፌስታል ውስጥ ያልፋል። ሙሉ ኃይል እየመታችሁ ግን ፕላስቲኩን ፊቱ ላይ አታጣብቁ፤ ይሞቃል፣ ይቀልጣል። ሌላው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ከደሴ ብርድ ወጥታችሁ ኮምቦልቻ ሰው የሞላበት አዳራሽ ስትገቡ ሌንሱ እንፋሎት ይይዛል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ትንሽ አቆዩት።

ሠላሳ ሰው ያለበት የቤተሰብ ፎቶ ላይ አንዱ ጫፍ ይበራል፣ ሌላው ይጨልማል።

ፍላሹ ለአንዱ ጫፍ ቀርቦ ነው። ለቅርቡ ሰው 2 ሜትር፣ ለሩቁ 4 ሜትር ከሆነ ሩቁ ሩብ ብርሃን ነው የሚያገኘው። ስታንዱን ወደ ኋላ ውሰዱት። ለቅርቡ 6 ሜትር፣ ለሩቁ 8 ሜትር ሲሆን ልዩነቱ አንድ ስቶፕ (አንድ የብርሃን እጥፍ) እንኳን አይሞላም። ኃይሉን መጨመር፣ አይኤስኦውንም ወደ 800 ማውጣት ይኖርባችኋል። ፍላሹን ከፍ አድርጉት፤ ያለዚያ የፊተኛው ረድፍ ጥላ የኋለኛው ፊት ላይ ያርፋል። ሽማግሌዎቹን መሃል አስቀምጡ። ለክብሩም፣ ለብርሃኑም ይበጃል።

እስክስታ ሳነሳ ሁሉም ይደበዝዛል።

የፍላሹን ኃይል ቀንሱ። የሚገርም ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። እነዚህ ትንንሽ ፍላሾች በሙሉ ኃይል ሲመቱ ብልጭታው 1/300 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ኃይሉ ሲቀንስ ብልጭታው ያጥራል፤ በዝቅተኛው እስከ 1/20000 ይደርሳል። ትከሻን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይሄ አጭር ብልጭታ ነው። 1/16 ወይም ከዚያ በታች ላይ ፍላሹን አቅርቡ። የአዳራሹ ብርሃን እንዳይገባ ሻተሩን 1/200 አድርጉት።

ባትሪ ቶሎ ያልቅብኛል።

የሱቁን ተራ ባትሪ ተዉት። ሙሉ ብልጭታ ከመታ በኋላ ፍላሹ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፤ ሙሽሮቹ ያልፋሉ። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም ኃይሉን ቶሎ ይሰጣል፤ ጥሩው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ውስጥ ይሞላል። አራት አራቱን በቡድን ምልክት አድርጉባቸውና አትቀላቅሉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ለነገ ፕሮግራም ቻርጁን ዛሬ ማታ አትጀምሩት፤ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱት።

ሙሉ ኃይል ላይ 30 ጊዜ ያህል ካከታተላችሁ ፍላሹን 10 ደቂቃ አሳርፉት። ሙቀት ይገድለዋል።

ሌላ ፎቶ አንሺ የእኔን ፍላሽ ያበራብኛል። ቪዲዮ አንሺውም ይቆጣል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ትሪገር ይዘን ቻናል 1 ላይ ስለምንተወው ነው። ጎዶክስ 32 ቻናል አለው፤ ከዚያ ሌላ የመለያ ቁጥርም አለው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሌላኛውን ባለሙያ "አንተ ስንት ላይ ነህ?" በሉት። ይሄን መጠየቅ ወንድምነት ነው።

ቪዲዮ አንሺው እውነቱን ነው። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ቪዲዮን ከላይ ወደ ታች እየጠረገ ስለሚያነብ ፍላሻችሁ ሲመታ ምስሉ ላይ ግማሽ ነጭ ባንድ ይወጣል። ቀለበቱ ላይ፣ ሽማግሌ ሲመርቁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ምቱ። እሱም መብራቱን ሙሽሮቹ ላይ ቀጥታ እንዳያጠምድ ጠይቁት። ሁለታችሁም ለአንድ ቤተሰብ ነው የምትሠሩት።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ውስጥስ?

ሳይጠይቁ ፍላሽ ማቆም አይገባም። ተክሊል ላይ ካህኑን፣ ኒካህ ላይ ሼሁን አስቀድማችሁ፣ ካሜራ ሳትይዙ ሄዳችሁ አነጋግሩ። "አባ፣ ብርሃኑ ይረብሻል?" ብሎ የጠየቀን ሰው ብዙ ጊዜ ቦታ ያሳዩታል። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። አይኤስኦ ጨምራችሁ በመስኮት ብርሃን አንሱ። ጥንታዊ ሥዕልና ብራና ላይ ፍላሽ አትምቱ።

ፍላሽ የሕፃን ዓይን ይጎዳል?

ወላጆች በጣም ይጠይቁኛል፤ ትክክልም ናቸው። የተለመደው የካሜራ ፍላሽ የሕፃን ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር የለም። ያም ሆኖ ፊቱ ላይ አስጠግቼ አልመታም፤ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል። በጃንጥላ ወይም በነጭ ግድግዳ አለስልሱት።

ግን አንድ ነገር ሁሉም ፎቶ አንሺ ይወቅ። ፍላሹ ካሜራ ላይ ሆኖ በተነሳ ፎቶ የሕፃኑ አንዱ ዓይን ቀይ ሆኖ፣ የሌላው ብሌን ደጋግሞ ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ለወላጆቹ በእርጋታ ንገሯቸውና ቶሎ ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት። አብዛኛውን ጊዜ የብርሃን አቅጣጫ ያመጣው ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን የዓይን ካንሰር ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ነው፤ ቀድሞ መታየቱ ብዙ ያድናል። ኤዲት እያደረጋችሁ በዝምታ አታጥፉት።

የአባቴ አሮጌ የስቱዲዮ ፍላሽ አለ። ልጠቀምበት?

ካሜራው ላይ በቀጥታ አትሰኩት። አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች በመሰኪያቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ያወጣሉ፤ የዲጂታል ካሜራን ውስጥ ያቃጥላሉ። በብርሃን በሚሠራ መቀበያ ካበራችሁት ካሜራውን ስለማይነካ ሊያገለግል ይችላል።

በስልክ ይሠራል?

በተለመደው መንገድ አይሠራም። የስልክ ሻተር ከፍላሽ ጋር አይገጥምም። ለስልክ የማይጠፋ ኤልኢዲ መብራት ያዙ። ብርሃንን ከጎን የማምጣቱ ትምህርት ግን ያው ነው።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት በምን ልለማመድ?

በጀበና። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ጀበና አስቀምጡ። ካሜራውን አንድ ቦታ አቁሙ፤ አይነቃነቅ። ፍላሹን ብቻ እያዞራችሁ አንሱ። መጀመሪያ ከካሜራው አጠገብ፣ ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ከጀርባ፣ ከዚያ ከላይ። ጀበና ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ያብለጨልጫል፤ ብርሃኑ የት እንዳረፈ ሳይደብቅ ያሳያችኋል። አንገቱ ጥላ ሲጥል፣ ሆዱ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ከነጥብነት ወደ ሰፊ ብርሃን ሲለወጥ ታያላችሁ። ከዚያ ጃንጥላውን ጨምሩና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ከሳምንት በኋላ ጀበናውን አንሱና በእሱ ቦታ እናታችሁን አስቀምጡ።